ብራዚል ዋንጫ የበላችው በማጥቃት ብቻ አይደለም

ወንድሞች፣ ከደብረ ማርቆስ ነው የምጽፈው። «የብራዚል አጨዋወት በደም የመጣ ነው፣ አይለወጥም፤ ዋንጫ የበላችውም ሁሌ በማጥቃት ብቻ ነው» የሚል አስተያየት ስትቀባበሉ አየሁ። በአክብሮት ልረማችሁ፤ ትክክል አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1982 የዓለም ዋንጫ ያ ውብ የብራዚል ቡድን አቻ ቢወጣ ያልፍ ነበር። በጣሊያን 3 ለ 2 ተሸንፎ ወደቀ። በ1994 የዓለም ዋንጫ ግን አማካዮቹ ዱንጋና ማውሮ ሲልቫ ከተከላካዮቹ ፊት እንደ አጥር ቆሙ። በ7 ጨዋታ የተቆጠረባቸው 3 ግብ ብቻ ነው። ፍጻሜው 120 ደቂቃ ያለ ግብ አልቆ ጣሊያንን በመለያ ምት 3 ለ 2 ረቱ። ቅጂውን ፈልጋችሁ እዩት፤ ቡድኑ ኳስ ሲነጠቅ ሁለቱ የት እንደሚቆሙ ብቻ ተመልከቱ። አጥቂው ሮማሪዮ ፊት ላይ እንደልቡ የሆነው በእነሱ ነው።

ይህን የማነሳው፣ ሰፈራችን ሜዳ ላይ መከላከል የሚወድ ልጅ «ኳስ አይችልም» እየተባለ ዳር ስለሚቀመጥ ነው። ከልቤ ያሳዝነኛል።