ይድረስ ለቀዩ «1»

ይድረስ ለክቡር ቀዩ «1»
አድራሻ፦ የዎርድፕረስ ዳሽቦርድ ግራ ጎን፣ «ፕለጊን» የሚለው ቃል ትከሻ ላይ
ጉዳዩ፦ የሌለ አፕዴት አለ ማለትዎን ይመለከታል

ክቡርነትዎ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከናፍቆትዎ በስተቀር ደህና ነኝ ብዬ እንዳልጀምር፣ ሰው የሚናፈቀው ሲሄድ ነው። እርስዎ ደግሞ አይሄዱም። ደብዳቤውን በሁለት ኮፒ አዘጋጅቼ፣ ሁለት ጉርድ ፎቶ አያይዤ ላስገባ ነበር። ሲስተም የለም ተባልኩ። ስለዚህ ሕዝብ ፊት አነበዋለሁ።

ደሴ ላይ ለሱቅ፣ ለፔንሲዮን፣ ለትንንሽ ድርጅት ዎርድፕረስ በሚባል ፕሮግራም ድረገጽ የምሠራ ሰው ነኝ። ፕለጊን የሚባለው ድረገጹ ላይ ተሰክቶ ተጨማሪ ሥራ የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ እርስዎ ደግሞ አንዱ ፕለጊን አዲስ ስሪት መጥቶለታል ሊሉ የሚወጡ ቀይ ምልክት ነዎት። ሰፈር ውስጥ «ኮምፒዩተር ይነካካል» ይሉኛል። እስከ ማክሰኞ ድረስ በአክብሮት ነበር የሚሉት።

ማክሰኞ ጠዋት ሐጂ ደወሉ። ሐጂ እንግዳ ማረፊያ አላቸው። ነሐሴ እያለቀ ነው፣ ለሳቸው ደግሞ የዓመቱ ዋና ጊዜ ይህ ነው። መስከረም 21 የግሸን ማርያም ንግሥ ነው፤ ወደ አምባሰል የሚወጣው ተሳላሚ ደሴ አድሮ ነው የሚያልፈው፣ ሐጂ ጋ ደግሞ በየዓመቱ ያችኑ ክፍል ካልሰጡኝ የሚሉ ደንበኞች አሉ። ለዚህ ብዬ አምና በእኛው አቆጣጠር ክፍል የሚያስይዝ ትንሽ ፕለጊን በእጄ ጽፌላቸዋለሁ። 13 ወር የሚያውቅ። ጳጉሜን የማይዘል።

«ልጄ፣ ድረገጹ ላይ ቀይ ነገር ወጥቶበታል» አሉኝ። ኩፍኝ ስለያዘው የልጅ ልጅ የሚያወሩ ነው የሚመስሉት።

ስደርስ ላፕቶፑን ባንኮኒው ላይ ከፍተው በጋቢያቸው ጫፍ እስክሪኑን ይወለውላሉ። በርበሬ የነካው መስሏቸዋል። ወለወሉ። ራቅ አድርገው አዩት። ጣታቸውን በምራቅ ነካ አድርገው ደግመው ወለወሉ። እርስዎ ግን ንቅንቅ የለም።

«አብሽሩ ሐጂ» አልኩ።

ቡናው ቀርቧል። የልጅ ልጆቻቸው ተሰብስበዋል። ቁልፍ ሊመልሱ የመጡ ሁለት እንግዶችም ባለሙያው ምን ሊያደርግ ነው ብለው ቆመዋል። እኔም ባለሙያ ሆንኩላቸው። እርስዎን ተከትዬ ገባሁ፤ አዲስ ስሪት አለ፣ አሁኑኑ አድስ ይላል። አጠገቡ ዝርዝሩን ተመልከት የሚል ሊንክም ነበር። ብከፍተው የሠሪው ስም የእኔ እንዳልሆነ አይ ነበር። አልከፈትኩትም። አምስት ሰው እያየው ዝርዝር የሚያነብ ባለሙያ የት አለ? እኔው የጻፍኩት ፕለጊን፣ እኔ አዲስ ስሪት ሳልጽፍለት አዲስ ስሪት ሲመጣለት ትንሽ እንኳን አልገረመኝም። በእንቅልፍ ልቤ ጽፌው ይሆናል ብዬ ነው መሰለኝ ተጫንኩት።

ክቡ ነገር ዞረ፣ ዞረ። በተሳካ ሁኔታ ታድሷል አለ። እርስዎም ከቦታዎ ጠፉ።

«ማሻ አላህ!» አሉ ሐጂ። ቶናዬን በኩራት ጠጥቼ፣ ምርቃት ተቀብዬ ወጣሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔ ይኸው እስካሁን እየለቀምኩ ነው።

ከምሳ በኋላ ተመልሼ ተጠራሁ። አንዲት እናት ከአዲስ አበባ ደውለው ሐጂ ስልክ ላይ ናቸው። ከቤተሰባቸው ጋር ለመስከረም 21 ተመዝግበዋል፤ የደረሳቸውን የእንግሊዝኛ መልእክት ልጃቸው ሲተረጉምላቸው ግን ዮጋ አላቸው። ምንጣፍ ይዛችሁ ኑ ይላል አላቸው። ሐጂ ስልኩን በመዳፋቸው ሸፍነው ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ዮጋ ምንድን ነው?»

መልሴን አልጠበቁም። «ምንጣፍማ እኛ ጋ ሞልቷል፣ ባዶ እጃችሁን ኑ» አሏቸው።

ድረገጹን ስከፍት የክፍል ማስያዣው የለም። በሱ ቦታ ባህር ማዶ የተሠራ የዝግጅት ካሌንደር ተኮፍሷል። ለናሙና የተቀመጠ አንድ ዝግጅት አለው፤ ዮጋ፣ ሴፕቴምበር 21። ከሥሩ አረንጓዴ የመመዝገቢያ ቁልፍ። የፈረንጁ 21 በእኛ መስከረም 11 ነው ብሎ ማን ይቆጥራል? ሰው 21ን አየ፣ ሴፕቴምበርን መስከረም ብሎ ተረጎመ፣ ተጫነ። እስከ ማታ ድረስ 9 የግሸን ተሳላሚ ለዮጋ ተመዝግቦ ተገኘ።

ይህን ሁሉ ስቄ አልፈው ነበር። ቀጥሎ የደወለው ሰውዬ ባይኖር።

ይኼኛው ቀብድ ከፍሏል። ማረጋገጫው ያለበትን ሊንክ ሲከፍት አልተገኘም ይለዋል። ሐጂ እኔ እንድሰማ ብለው ስልኩን ላውድ ላይ አድርገውት ነበር። «ሌቦች ናችሁ! ቀብዴን በላችሁኝ!» አለ ሰውየው። ክፍሉ ውስጥ ያለን ሁላችንም ሰማን። ሐጂ ቀስ ብለው ላውዱን አጠፉት። ከዚህ በላይ እንዳልሰማ ብለው ነው። ስልኩን ጆሯቸው ላይ አድርገው ወደ መስኮቱ ዞሩ፣ ወደ ጦሳ ተራራ በኩል። ጉም ሸፍኖታል፣ የሚታይ ነገር የለም። ከጀርባቸው ሆኜ የሚሰማኝ «እሺ ልጄ፣ አውፍ በለኝ ልጄ» የሚለው ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ አንቱታው ይብቃህ።

ማን ጠራህ? ማንም ሳይጠራህ መጣህ፣ የማታውቀውን ቤት በር አንኳኳህ፣ ዕቃህ አርጅቷል አልክ፣ ዕቃውን አውጥተህ ጥለህ የሌላ ሰው ዕቃ አስገባህ፣ ከዚያ በተሳካ ሁኔታ ብለህ ሄድክ። ምኑ ነው የተሳካው? የሰው ሳንቲም ነክተው የማያውቁ ሽማግሌ፣ ተረስቶ የቀረ የስልክ ቻርጀር እንኳን ስም ጽፈው መሳቢያ ውስጥ የሚያስቀምጡ ሰው፣ በገዛ ቤታቸው፣ የልጅ ልጆቻቸው ፊት ሌባ ተባሉ። የተባሉት ባንተ ነው። በኔም ነው። እሳቸው ይቅርታ ሲለምኑ አንተ ስክሪኑ ላይ አልነበርክም። እኔ ግን እዚያው ቆሜ ነበር።

ማታ ባክአፑን፣ ቀድሞ የተቀመጠውን ኮፒ፣ መለስኩት። የተያዙት ክፍሎች ዳታቤዝ (የመረጃ ቋት) ውስጥ ነበሩ፣ የጠፋው ኮዱ ብቻ ነው። የሐጂ ቀኖች ተመለሱ። ጳጉሜም ተመለሰች። ቀብድ ከፋዩ «ታየኝ» የምትል አጭር መልእክት ላከ። ይቅርታ የሚል ቃል የለባትም። ለ9ኙ ዮገኞችም አንድ በአንድ ደወልኩ።

አንተም ተመለስክ። ያው ቦታ፣ ያው ቀይ፣ ያው 1።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሌሊት ታውቀዋለህ፣ አብረን ነው ያደርነው። ካሽ (የተጠራቀመውን የቆየ የገጽ ኮፒ) አጸዳሁ፣ ብሮውዘር ቀየርኩ፣ ሌሎቹን ፕለጊኖች አንድ በአንድ አጥፍቼ አበራሁ፣ ቴሙን፣ የድረገጹን መልክ፣ ሳይቀር ቀየርኩ፣ በመጨረሻ ዳታቤዙ ውስጥ ገብቼ የአፕዴት መረጃ የሚቀመጥበትን መስመር ሰረዝኩት፣ ያኔ ጠፋህ፣ አገኘሁት ብዬ ሻይ ልጥድ ስነሳ ሲስተሙ እንደገና ጠየቀና ውሃው ሳይፈላ መጥተህ ተቀመጥክ። ድረገጹን ሰርቨሩ ላይ ለሚያኖረው ለሆስቲንጉ ድርጅት ድጋፍ ክፍል ልጻፍ አልኩ። ፎርም። ስም፣ ኢሜይል፣ የችግሩ ዓይነት፣ የችግሩ ክብደት፣ ሮቦት አለመሆንዎን ያረጋግጡ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት የትራፊክ መብራት ያለባቸውን ፎቶዎች እመርጣለሁ። መልሱ ጠዋት መጣ። ካሽ ያጽዱ ይላል።

ነገሩ ለካ እንዲህ ነው። ዎርድፕረስ በቀን 2 ጊዜ የተጫኑትን ፕለጊኖች ዝርዝር ፕለጊኖች ወደሚመዘገቡበት ዋናው ማውጫ ልኮ አዲስ ነገር አለ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ማውጫው ፕለጊኑን የሚለየው በፎልደሩ ስም ነው። እኔ ደግሞ ለፎልደሬ ያወጣሁለት ስም ማንም ሊያወጣው የሚችል ተራ ስም ነበር። ፒያሳ መሐል ቆሞ «መሐመድ!» ብሎ እንደ መጣራት ነው፤ ዘወር የሚለው የአንተ መሐመድ ላይሆን ይችላል። በዚያ ስም የተመዘገበ ሌላ ፕለጊን ባህር ማዶ አለ። የነሱ ስሪት 3.6፣ የኔ 1.0። 3.6 ከ1.0 ይበልጣል። ሒሳብህ ልክ ነው፣ የተሳሳትከው ሰውየውን ነው።

መድኃኒቱስ? አንድ መስመር! ከዎርድፕረስ 5.8 ወዲህ፣ ማለትም ከፈረንጆቹ ጁላይ 2021 ጀምሮ፣ በፕለጊኑ ዋና ፋይል አናት ላይ «አፕዴት ዩአርአይ» (Update URI) የሚል መስመር መጻፍ ይቻላል። ፊት ለፊቱ ፎልስ (false) ብለህ ከጻፍክ ወይም የራስህን አድራሻ ካስቀመጥክ፣ ማውጫው ይሄ የኔ አይደለም ብሎ ይተወዋል። ጻፍኩት። ደግመህ ፈትሽ የሚለውን ተጫንኩ። ሄድክ። ፕለጊኑን የሠራሁት አምና፣ መስመሩ የተፈቀደው በ2021። ይህችን ለሐጂ አልነገርኳቸውም። ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የአንተ ነው ብያቸዋለሁ።

የድሮውን ላንሳው ካልኩ ብዙ ነው። አንድ በገንዘብ የተገዛ ፕለጊን ላይ 3 ወር ተዘፍዝፈህ ከርመሃል። አድሰዋለሁ፣ ታደሰ ትላለህ፣ ዞር ስል ትመጣለህ። ሠሪዎቹ ሰርቨራቸው ላይ 2.4.1 ብለው ሲያውጁ ፋይሉ ውስጥ ያለውን 2.4 መቀየር ረስተውት ነው። አፕዴት መሐል ላይ ተቋርጦ ድረገጹ ለአጭር ጊዜ ጥገና ላይ ነን እያለ 10 ደቂቃ ስላስጠበቀኝ ግን አልወቅስህም። 10 ደቂቃ ምን አላት፤ ማህተም ያዡ ሻይ ሊጠጣ የወጣበት ቢሮ በር ላይ ስንት 10 ደቂቃ ቆጥረናል።

አሁን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሐጂ ከማክሰኞ ወዲህ ምንም ነገር አላስነካ ብለዋል። ትናንት የእውነት አፕዴት መጣ። የመገናኛ ፎርሙ ፕለጊን ላይ የተገኘ የደህንነት ቀዳዳ የሚደፍን ነው፣ ማደር የለበትም። ዝርዝሩን በዚህ ጊዜ ሁለቴ አነበብኩት። «ተወው ልጄ፣ ማክሰኞም እንዲሁ ብሎ ነው» አሉኝ። ምን ልመልስላቸው? ያኛው ቀይ ውሸታም ነበር፣ ይኼኛው ቀይ እውነተኛ ነው ልበላቸው? ሁለታችሁም አንድ ዓይነት ልብስ ነው የለበሳችሁት። አንድ ቀን የእውነት ሌባ በዚያች ቀዳዳ ሲገባ እኔ ባንኮኒው ጋ ቆሜ ስለ አንተ እያስረዳሁ እሆናለሁ።

እናም ክቡርነትዎ፣ አንቱታውን መልሼልዎታለሁ፣ ሁለተኛ ከመምጣትዎ በፊት የማን ቤት እንደሆነ ጠይቀው ቢገቡ ደስ ይለኛል።

ይህን ጽፌ ልፈርም ስል ሐጂ ደወሉ። ልቤ ስንጥቅ አለ።

«ቀዩ ነገር መጣ?» አልኳቸው ገና ሰላም ሳንባባል።

«ኧረ እሱስ የለም። ያንን ዮጋ የተባለውን ግን ለምን አነሳኸው? ዛሬም ሁለት ሰው ደውሎ ጠየቀኝ። ከነቁርሱ ስንት ነው ልበላቸው?»