ማስተካከያ፦ ስለ አውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት አለካክ

ባለፈው ጽሑፌ፣ ማርሽ ወደ ዲ ወይም ወደ አር ሲገባ “ድው” ብላ የምትመታ ያረጀች አውቶማቲክ መኪና ካለቻችሁ፣ ጠዋት ሞተር ሳታስነሱ የካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ዘይቷን ለኩ ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። እሱ የሞተር ዘይት አለካክ ነው።

መለኪያ ዘንግ ባላቸው አብዛኞቹ የድሮ ቶዮታዎች የካምቢዮ ዘይት የሚለካው ሞቆ፣ ሞተሩም እየሠራ ነው። ትንሽ ነድታችሁ ሜዳ ላይ አቁሙ። (ጎንደር ውስጥ ሜዳ ፍለጋው ራሱ ሥራ ነው፤ እኔ አዘዞ ድረስ እወርዳለሁ።) ፍሬን ረግጣችሁ ማርሹን በሁሉም ቦታ አሳልፉና ወደ ፒ መልሱ። ከዚያ ለኩ። ሞተሩ ሲጠፋ ዘይቱ ወደ ታች ስለሚወርድ የጎደለው የሞላ ይመስላል። ሆንዳ ግን ይለያል፤ ሞቆ፣ ሞተሩ እንደጠፋ በደቂቃ ገደማ ውስጥ ይለካል።

“ከመታ ካምቢዮው አልቋል” ያልኩትም ችኮላ ነበር። መጀመሪያ ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) ከፍ ብሎ እንደሆነ፣ የሞተር መያዣ ጎማዎቹም ተሰንጥቀው እንደሆነ እዩ። ካምቢዮው ደህና ሆኖም ሁለቱ ያስመታሉ። ዘይቱ ጠቁሮ የተቃጠለ ከሸተተ ግን ነገሩ ከበድ ይላል፤ ባለሙያ ይየው።

እኔን ሰምታችሁ ዘይት የጨመራችሁ እንደገና ለኩት። ከልክ ካለፈ አረፋ ያወጣል። ይቅርታ።