ይድረስ ለአቶ አንበሶ፣ የሰባራ ድልድይ መንገድ ውሻ

ጉዳዩ፦ መቀመጫዬን ይመለከታል

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን የምጽፍልዎ ግን ቆሜ ነው።

ከሞጣ የተነሳሁት ሰባራ ድልድይን ልይ ብዬ ነበር። በአፄ ፋሲል ዘመን ተሠርቶ በጣሊያን ጊዜ መሃሉ የፈረሰውን፣ ሰው ስንት ዘመን በገመድ እየተጎተተ ዓባይን የተሻገረበትን። ስለ ገደሉ ተመክሬያለሁ። ስለ አዞም ተመክሬያለሁ። ዱላ ያዝ ያለኝ ግን አንድም ሰው የለም። ኬላ ላይ እንኳ መታወቂያ ይጠየቃል፤ እርስዎ እሱንም አልጠየቁኝ።

ከአጥር ዘለው ሲወጡ እረኞቹ "አትሩጥ፣ ጎንበስ በል!" አሉኝ። ጎንበስ አልኩ። ውሻ ድንጋይ ሊያነሳ ነው ብሎ ይሸሻል አይደል? ዋልካ መሬት ላይ ድንጋይ ከየት ይምጣ! እርስዎ የአገርዎን አፈር ያውቁታል። ጭቃ ዘግኜ ቀና ሳልል ከኋላዬ መጡ። ጌታዎ ከደጃፋቸው ሆነው "ኧረ አይናከስም!" ይላሉ፤ ሱሪዬ እኮ አፍዎ ውስጥ ነው። እረኞቹ በሳቅ ተንከባለሉ። እሜቴ ነጠላቸውን አስገለደሙኝና "ዞር በል ልጄ" ብለው በልብስ ሳሙና ማጠብ ጀመሩ። ቁስሉ 15 ደቂቃ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ይታጠብ ይባላል። እሜቴ ሰዓት የላቸውም። የሰፈሩ ሰው መጥቶ አይቶ እስኪጨርስ አጠቡኝ።

አንድ ሽማግሌ ሥር ልማስልህ አሉ። ጤና ኬላው፦ ክትባት የለም፣ ከተማ ሂድ። ከተማ፦ ካርድ አውጣ። ካርድ ክፍል፦ ምሳ ሰዓት። ሰልፈኛው ወንበር ለመያዝ ሲጋፋ እኔ ብቻ ጨዋ ሆኜ ቆምኩ። በመጨረሻ "ውሻው ተከትቧል ወይ?" የሚል ጥያቄ መጣ።

እሺ፣ አንቱታው ይብቃ። እብድ ብትሆንስ? የእብድ ውሻ በሽታ ምልክት አንዴ ከታየ መዳኛ የለውም። እኔ ለመኪና የምከፍለው ነበረኝ። ያ ሲስቅብኝ የነበረ እረኛ ነገ ብትነክሰው በማን ትከሻ ነው ያን ዳገት የሚወጣው? ክትባቱ አንዴ ተወግተው የሚገላገሉት አይደለም፤ ማን ያመላልሰዋል? "ኑና ጎብኙ" የሚል ፖስተር ለመለጠፍ በጀት አለ። ለአንተ አንዲት መርፌ ይዞ ቁልቁል የሚወርድ ሰው ግን ጠፋ!

10 ቀን ጤነኛ ሆነህ ከቆየህ ስትነክሰኝ እብድ አልነበርክም ማለት ነው ብለውኛል። ስለዚህ እባክህ ብላ፣ ጠጣ፣ እንዳትሞት። ኔትወርክ ባለ ቁጥር እየደወልኩ ጤንነትህን እጠይቃለሁ። ትናንት እሜቴ ናቸው ያነሱት። "ደህና ነው ልጄ፣ አታስብ። ዛሬም አንድ መንገደኛ ነክሶ ነው የዋለ" አሉኝ።