ማዕበሉን ተዉት፣ ሳንቃውን አምጡ

ሰሞኑን አንድ የቴአትር አዘጋጅ የሃዋዮቹን የዱክ ካሃናሞኩንና የኤዲ አይካውን የመሰሉ ሰርፈሮች (በሳንቃ ቆመው ማዕበል የሚጋልቡ ሰዎች) ሕይወት ያለ ግዙፍ ስክሪን መድረክ ላይ አይሠራም ብለዋል። ተመልካች ማዕበሉን በዓይኑ ካላየ ድፍረታቸውን አያምንም ነው ምክንያታቸው። ይህ ተመልካችን መናቅ ነው። በሦስት ወንበርና በአንድ ነጠላ ቤተ መንግሥት ያየ ሕዝብ የሃዋይ ባሕር ላይ ሲደርስ ለምን ይታወራል?

ስክሪኑ የሚያደርገውን እንይ። ምስሉ እንዲጎላ የፊት መብራት መቀነስ አለበት፤ ሲቀነስ የተዋናዩ ፊት ይጠፋል። ፊቱን ለማዳን መብራት ሲጨመር ማዕበሉ ነጥቶ ግራጫ ጨርቅ ይሆናል። ፕሮጀክተሩ ከፊት ከሆነ ደግሞ ተዋናዩ ጨረሩ ውስጥ በገባ ቁጥር ጥላው ባሕሩ ላይ ይወድቃል። ፊልሙ በየምሽቱ አንድ ነው፣ የሰው ጉልበት ግን በየምሽቱ ይለያያል፤ ስለዚህ ሁለቱ አይገጥሙም። ዱክ በዋና የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘበትን ቦታና ዓመት «ስቶክሆልም፣ እ.ኤ.አ. 1912» ብሎ ለመጻፍ ይጠቅም ይሆናል። ከዚያ በላይ አልሰጠውም።

የሰርፈርን ሕይወት የሚሸከመው ሳንቃው ነው። የዱክ ታዋቂ ሳንቃ ኮዋ ከተባለ የሃዋይ ዛፍ እንጨት የተሠራ፣ 16 ጫማ የሚረዝም፣ 114 ፓውንድ የሚመዝን ነበር፤ ወደ 5 ሜትርና 52 ኪሎ መሆኑ ነው። ይህን ከፎም አሠርቶ ቀለም የሚያስቀባ አዘጋጅ ተዋናዩን ትራስ አሸክሞታል። ውስጡን ክፍት አድርጋችሁ በኮምፔንሳቶ አሠሩት፣ የአሸዋ ከረጢት መሐሉ ላይ አስራችሁ 30 ኪሎ አድርሱት። ክብደቱ ወደ ጫፎቹ ከሸሸ ተዋናዩ ሲዞር ሳንቃው አልቆም ብሎ አጠገቡ ያለውን ይመታል። በጠባብ የጎን በር ስለማይታጠፍ የመድረኩ ግንባታ ከመቆሙ በፊት ይግባ። ልምምዱም ከመጀመሪያው ቀን በእሱው ይሁን፤ በመጨረሻው ሳምንት የመጣ ሳንቃ ጀርባ ይሰብራል።

ከዚያ ጁን 14 ቀን 1925ን ሥሩት። ካሊፎርኒያ፣ ኒውፖርት አጠገብ፣ ቴልማ የተባለች ጀልባ 17 ሰዎችን እንደያዘች ተገለበጠች። 12 ተረፉ፤ 8ቱን ያወጣው ዱክ ነው፣ በሳንቃው እየተመላለሰ። ስምንት ተዋንያን ከመድረኩ ጥልቀት አንድ በአንድ በዚያ ሳንቃ ይጎተቱ። አምስተኛው ላይ ትንፋሹ የእውነት ይቆራረጣል፣ ስድስተኛው ላይ ክንዱ ይንቀጠቀጣል። ይህን ያየ ተመልካች ማዕበሉ የታለ አይልም። የትኛው ስክሪን ነው ይህን የሚሰጠው?

ኤዲ ሌላ ነገር ይፈልጋል፦ ጥበቃ። እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ በኦዋሁ ደሴት፣ ዋይሜያ ላይ ነፍስ አድን ሆኖ የሠራ ሰው አብዛኛው ሥራው ባሕሩን ማየት ነበር። የዚያ ዳርቻ ትልልቁ የክረምት ማዕበል በግምት በየ15 እስከ 20 ሰከንድ ይመጣል። ከወንበሮቹ ሥር ዝቅ ያለ ጉምጉምታ በዚሁ ልክ ይሰማ፣ ተዋናዩ ዓይኑን አይንቀል። ዝምታው የሚያስፈራቸው አዘጋጆች ሙዚቃ ይደርቡበታል፤ ያኔ ሁሉም ይበላሻል።

ማርች 16 ቀን 1978 ኤዲንና ጓደኞቹን ይዛ ከሆኖሉሉ የተነሣችው ታንኳ ሆኩሌአ በሌሊት ተገለበጠች። በማግስቱ ኤዲ እርዳታ ሊያመጣ በሳንቃው ወደ ላናይ ደሴት ቀዘፈ። ጓደኞቹ ተረፉ፣ እሱ አልተገኘም። ስክሪኑ ላይ ምን ልታሳዩ ነው? ማንም ያላየውን? ሳንቃው ከመድረኩ ይውጣ። ባልደረቦቹ የተገለበጠችውን ታንኳ ሆድ ይዘው የሄደበትን ይመልከቱ፣ ጉምጉምታውም በየ15 ሰከንዱ ይመላለስ።