ገበያው ነጻ ነው፤ አልጋው ግን የለም

«ገበያ ለፍላጎት ምላሽ ይሰጣል» የሚል ሰው ካለ ዛሬ አጠገቤ እንዳይደርስ። ምላሹን በገና ዋዜማ ላሊበላ ላይ ሰምቼ ነው የመጣሁት።

አንድ ክፍል፣ ሁለት አልጋ፣ በአዳር ስምንት መቶ ብር ተስማምተን ቀብድ የላክነው ገና በኅዳር ነው። ደሴ አድረን፣ በወልድያና በጋሸና በኩል አቧራ ስንቅም ውለን ስንደርስ፣ እንግዳ ተቀባይዋ ከስልኳ ቀና ሳትል «ክፍሉ ተይዟል» አለች።

«አዎ፣ የያዝነው እኛ ነን።»

«አይደለም፤ በአምስት ሺህ የያዙ አሉ።»

«ቀብድ ልከናል እኮ እህቴ!»

«ይመለስልዎታል። አምስት ሺህ ከከፈሉ አንድ ትንሽ ክፍል አለች።»

«በስምንት መቶ ተስማምተን?»

«ወንድሜ፣ ገበያው ነጻ ነው።»

ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ ፊደል እንደምታስቆጥር ሁሉ ረጋ ብላ ነው የተናገረችው።

ትንሿን ክፍል አየናት። አንዱ ክፍል በቺፕውድ ለሁለት ተከፍሎ ነው የተወለደችው፤ የጎረቤት ሳል እንኳ ሳይቀነስ ይሰማል። አቅርቦት ጨመረ ማለት እንግዲህ ይህ ነው! ተናድጄም ቢሆን እሺ አልኩ። ያን ጊዜ መታወቂያችንን ተቀብላ «ሁለት ወንድ በአንድ አልጋ አይቻልም» አለች።

«የአክስቴ ልጅ ነው።»

«የአባት ስማችሁ አይገጥምም።»

የአክስት ልጅ የአባት ስም እንዴት ብሎ ነው የሚገጥመው? እስኪ ንገሩኝ!

የአክስቴ ልጅ ደግሞ ኢኮኖሚክስ የተማረ ነው፤ መንገዱን ሙሉ ሲያስተምረኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1979 ኦሳካ ከተማ ውስጥ ሰው ገብቶ የሚተኛባቸው ሣጥን መሳይ መኝታዎች ያሉት ሆቴል ተከፈተ፤ ርካሽ አልጋ የሚፈልግ ካለ የሚሠራለት ይመጣል አለኝ። እዚያው ደጃፍ ላይ ቆመን እንኳ ለሆቴሉ ባለቤት ይከራከርለት ጀመር፤ ዓመቱን ሙሉ ባዶ ክፍል የሚጠብቅ ሰው በገና ሰሞን ባያተርፍ በምን ይኖራል አለ። ያትርፍ! እጥፍ ያድርገው! የሸጠልኝን ክፍል መልሶ ለሌላ መሸጥ ግን ነጋዴነት ነው?

ባለፈው አዳማም እንዲሁ ነበር። ከተማው በስብሰባ ተጨናንቆ አልጋ ስፈልግ፣ አንዱ ሆቴል ገና ሰላምታዬን ሳልጨርስ «ደረሰኙ ስንት ተብሎ ይጻፍልዎ?» አለኝ። ከራሴ ኪስ ነው የምከፍለው ስለው ፊቱ ጠቆረ። ነገሩ የገባኝ ያን ቀን ነው፤ መሥሪያ ቤት የሚከፍልለት አበልተኛ ዋጋ አይከራከርም፣ ስለዚህ አልጋው ሁሉ በእሱ ልክ ይተመናል። ፍላጎት ተብሎ የሚቆጠረው የእሱ ብቻ ነው። የእኔ ምኞት ነው መሰለኝ! ለዚህ ነው በየከተማው ባለኮከብ ሆቴል ሲገነባ፣ ንጹሕ አንሶላና የሚዘጋ በር ብቻ ለምንፈልግ ሰዎች የሚገነባ የጠፋው። ለነገሩ ሻወር ካለው ውሃ የለም፣ ውሃ ካለው ሻወሩ ተነቅሏል፤ ይህን ትቼዋለሁ።

ደግሞ የሚያበግነኝ እዚያው ላሊበላ፣ ክፍላችንን ከሸጠብን ሆቴል ጥቂት እልፍ ብሎ፣ በእግሩ የመጣውን ምእመን እግሩን አጥበው፣ አብልተው በነጻ የሚያሳድሩ ሰዎች መኖራቸው ነው። እኛንም አንዲት እናት ከሩቅ ከመጡ ገበሬዎች ጋር ድንኳናቸው ውስጥ አስገቡን። መታወቂያ አልጠየቁም። የእኔን እግር ሊያጥቡ ሲያጎነብሱ በአፍረት ልሞት ነበር፤ በመኪና ነው የመጣሁት ብላቸው «ታዲያ መኪና አያደክምም ልጄ?» አሉኝ። ኢኮኖሚስቱ እንኳ ያን ሌሊት አፉ ተዘጋ፤ በኋላ ግን ማንኮራፋት ስለጀመረ ተከፈተ። ቤተ ማርያም «ቤዛ ኩሉ» ሲባል ቀስቅሼ ነው የወሰድኩት።

ዛሬ ጠዋት ስለ ቀብዱ ደወልኩ። ያችው ልጅ ናት ያነሣችው።

«ለተመላሽ ገንዘብ የአገልግሎት ክፍያ እንቆርጣለን።»

«ስንት?»

«ግማሹን።»