ማስተካከያ፦ እንቅልፍ ሲጠፋ አልጋ ላይ ስለመቆየት

ባለፈው ጽሑፌ «እንቅልፍ እምቢ ካለ ዓይንን ጨፍኖ አልጋ ላይ መጠበቅ ነው» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሪቻርድ ቡትዚን በ1972 (እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር) ያቀረበው ዘዴ ተቃራኒውን ይላል፦ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ያህል ከተገላበጡ ይነሱ፣ እንቅልፍ ሲመጣ ይመለሱ። አለበለዚያ አልጋው ራሱ የጭንቀት ቦታ ይሆናል። በደሴ ብርድ ከብርድ ልብስ መውጣት ሞት እንደሆነ አውቃለሁ። ጋቢ ደርቦ መቀመጥ ነው እንግዲህ።

ሁለተኛው ስህተቴ ይብሳል። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች እንቅልፍ ማጣት «የችግሩ አካል ነው» ብዬ አልፌዋለሁ። አንዲት የደሴ ሆጤ ሰፈር እናት ደውለው «ልጄ ሌሊት እያንኮራፋ ትንፋሹ የሚቆራረጠውስ?» አሉኝ። ልክ ናቸው። ዳውን ሲንድረም (አብሮ የሚወለድ፣ የአእምሮ እድገትን የሚያዘገይ ሁኔታ) ባለባቸው ሰዎች ላይ ይህ በብዛት ይታያል፤ ሕክምናም አለው። እንቅልፍ የሚነሳቸው የጥርስ ሕመም ወይም ቃርም ሊሆን ይችላል። ሕመሙን በቃል መናገር ያልቻለ ሰው ሲረበሽ «ጠባዩ ነው» ይባላል። እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው፤ ይቅርታ።

በዚያው ጽሑፍ «አልጋ ላይ የሚቆዩበትን ሰዓት ያሳጥሩ» ያልኩትም ለሁሉም አይሆንም። የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው የእንቅልፍ ማነስ ሕመሙን ሊቀሰቅስ ይችላል። ያለ ሐኪም አይሞከር።