ጋሼ እራት ሳይበሉ አደሩ

ዛሬ በጠዋቱ ከአጋሮ ስልክ ተደወለልኝ። የባለቤቴ አክስት ናቸው። ሰላምታው እንደ ወጉ ረዘም ብሎ አለቀ፤ ልጆቹ፣ ጤናው፣ ዝናቡ፣ የቡናው ነገር። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ፣ ቤታችሁ ደህና ነው? የጎደለ ነገር ካለ አትደብቂኝ» አሉ። ኧረ ምንም የጎደለ የለም አልኳቸው። «አይ፣ ጋሼ ማታ እራት ሳይበሉ አደሩ ሲባል ሰምቼ ነው።»

ጋሼ የባለቤቴ አጎት ናቸው። የፍርድ ቤት ቀጠሮ ኖሯቸው ጅማ መጥተው እኛ ጋ ሰንብተዋል። እንግዲህ ማክሰኞ ማታ እራት ሳይበሉ ያደሩት ሰውዬ ያደረጉትን ልናገር። በሰላጣ ቅጠል የሚጠቀለል የዶሮ ጥብስ ቀረበላቸው። አንዱን ጠቀለሉ። ሌላ አስከተሉ። ቅጠሉ ሲያልቅ ማንኪያ አስመጡና ሳህኑን ጠረጉት። ልጄ ያስቀረችውን ኦቾሎኒ ሳይቀር አንድ በአንድ ለቀሙ። ከዚያ እጃቸውን በሶፍት አበሱና ወደ ማድ ቤቱ በር አየት አድርገው፣ «በሉ እንግዲህ፣ እራቱን አታስመሹት» አሉ።

ጋሼን ብቻ አልወቅስም። የአገር ጠባይ ነው። እንጀራ ያልገባበት ሆድ ባዶ ሆድ ነው። መሥሪያ ቤት አብራኝ የምትሠራ ልጅ አለች። ረፋድ ላይ ሁለት ሳምቡሳ ትበላለች። አንድ ትልቅ ብርጭቆ አቮካዶ ጁስ ታስከትላለች። ምሳ ሰዓት ላይ ሆዷን ይዛ «ከጠዋት ጀምሮ እህል በአፌ አልዞረም» ትላለች። ሳምቡሳው ከምን ተሠርቶ ነው? መኮሮኒን በእንጀራ ጠቅልሎ የሚጎርስ ሰውም አውቃለሁ። እሱ እንኳ ይሻላል፤ መኮሮኒውን አክብሮ ወጥ አድርጎታል።

እንጀራ ጠላሁ እንዳይባል። እንጀራ እወዳለሁ። ግን ከሥራ የምወጣው 11 ሰዓት ተኩል ነው። ባጃጅ እስኪገኝ፣ ዝናቡ እስኪያባራ፣ ቤት ስደርስ መሽቷል። በዚያ ሰዓት ለዶሮ ወጥ ሽንኩርት መላጥ የጀመረ ሰው ወጡ የሚደርስለት ለቁርስ ነው። ስለዚህ ቶሎ የሚደርስ ነገር ፈለግኩ። የታይላንድ ሰዎች ጥሩ ነገር አላቸው።

ምግቡ መነሻው ላርብ የሚባለው ነው። የላኦስና የሰሜን ምሥራቅ ታይላንድ፣ ኢሳን የሚባለው አገር ምግብ ነው። ሥጋው ድቅቅ ተደርጎ ይከተፋል። ሎሚ ይጨመቅበታል። የዓሣ ሶስ፣ ደረቅ ቃሪያ፣ ናናና ተቆልቶ የተወቀጠ ሩዝ ይገባበታል። እኔ የምሠራው የዚህ ዘመድ ነው፤ በጋብቻ በኩል። የዓሣ ሶሱ ትንንሽ ዓሣ በጨው ተደርጎ ዓመት ያህል ወይም ከዚያ በላይ ተቀምጦ የሚወጣ ፈሳሽ ነው። እኔ ዘንድ ስለሌለ በሶያ ሶስና በጨው ተክቼዋለሁ። የተቆላውን ሩዝ ግን መተው አልፈለግኩም።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። ሩዙ ያለ ዘይት ነው የሚቆላው፣ በለዘብተኛ እሳት። ከቡናው መቁያ የተሻለ ዕቃ ስለሌለኝ እሱ ላይ ጣል አደረግኩት። መጀመሪያ ነጣ ይላል። ቀጥሎ ዳር ዳሩ ቢጫ ይሆናል። ቆላ ቆላ ሲደረግ ወርቅማ ቀለም ያወጣና ሽታው ቤቱን ይሞላል። ጅማ ላይ ደግሞ ማታ የሚቆላ ነገር ሁሉ ቡና ነው። ጎረቤቴ እማማ በሩን ገፋ አድርገው ገቡ።

«ልጄ፣ እሳቱን ቀንሺው እንጂ! ቡናው ሊያርርብሽ ነው።»

ሩዝ መሆኑን አሳየኋቸው። አንዴ መቁያውን፣ አንዴ እኔን አዩ። «ሩዝ ደግሞ አፍልተሽ ልትጠጪው ነው?» አሉና ቁጭ አሉ። ጅማ ውስጥ ቡና ሸቶት የገባን ሰው «ሩዝ ነው» ብሎ የሚመልስ ቤት የለም። ሩዙን ወደ ሙቀጫ ገለበጥኩ፤ መቁያውን ጠራረግኩ፤ ቡና ጨመርኩ። በሩብ ሰዓት ይደርሳል የተባለው እራት ጀበና ተጥዶለት፣ አቦል ቶና በረካውን ይዞ ተቀመጠ።

እማማ ሙስሊም ናቸው፤ ዶሮው ደግሞ የክርስቲያን እርድ ነው። እዚህ ይሄ አያነጋግርም። ሥጋ ቤቱ በሩ ላይ ይጽፈዋል። ሰው ቤት ደግሞ ሳይጠየቅ ይነገራል። ድግስ ሲኖር ለሙስሊም እንግዳ ለብቻው ይታረዳል፣ ድስቱም ለብቻው ነው። ድንገት ለመጣ ሰው ግን ምን ይደረጋል? ሰላጣውን፣ ካሮቱን፣ ኦቾሎኒውንና ሎሚውን በሌላ ሳህን አቀረብኩላቸው። ሩዙንም ነሰነስኩበት። ጠቅልለው በሉ፤ መረቁኝ። በሌላ ቀን በዓሣ እንድሠራላቸው ተስማምተናል፤ ዓሣ አራጅ አያስፈልገውም። ከግልገል ጊቤ ግድብ የሚመጣው ይሆናል። ዶሮውን ያልቀመሱት እማማ ተመስገን ብለው ሄዱ። ሳህን የጠረጉት ሰውዬ ናቸው አጋሮ ድረስ የደወሉት!

ደግሞ የቀኑ ነገር አለ። ፈረንጅ «የሥራ ቀን እራት» ሲል 5 ቀን ቆጥሮ ነው። እኛ ቤት ረቡዕና ዓርብ ይቀነሳሉ። ዐቢይ ጾም ሲገባ 55 ቀን ዶሮ በስሟም አትጠራም። ዓመቱን ሙሉ ጾሙን ሁሉ ሲደምሩት ከ180 ቀን ይበልጣል። እና በተረፈችው ማክሰኞ ዶሮ ስሠራ ትንሽ አድናቆት ብፈልግ ይፈረድብኛል?

አሠራሩን ልናገርና ልገላገል። ዶሮው የሐበሻ ከሆነ ይቅር፤ የሐበሻ ዶሮ በችኮላ አይበስልም፣ ይቀየማል። የፈረንጅ ዶሮ ሥጋው ከአጥንቱ ይለይና መክተፊያ ላይ በቢላ ይደቃል። መጥበሻው በደንብ ይጋል። ዘይት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ቃሪያ። ነጭ ሽንኩርቱ ሳይጠቁር ዶሮው ይገባል። እንዳይጓጉል ቶሎ ቶሎ መበታተን ነው። ቀዩ ጠፍቶ እስኪነጣ ከ6 እስከ 8 ደቂቃ ይበቃዋል። ከዚያ ሶያ ሶስና ትንሽ ማር። ታይላንዶች ምግብ ማጣፈጥ ሲፈልጉ የዘንባባ ስኳር ያደርጋሉ። ጅማ ተቀምጬ፣ ማር ቤቴ እያለ፣ የዘንባባ ስኳር ፍለጋ አልዞርም። ሎሚው ከእሳት ከወረደ በኋላ ነው፤ እሳት ላይ ካደረጋችሁት መዓዛው ይጠፋል። መጨረሻ ላይ የተወቀጠው ሩዝና ናናው ይነሰነሳል። እኔ እርጥብ በሶብላም ጨምሬበታለሁ። ታይላንዶች ሦስት ዓይነት በሶብላ ያበቅላሉ፤ ቅጠሉን ለጋውን ወጥ ውስጥ ይጨምሩታል። እኛ አድርቀን በርበሬና ሽሮ ውስጥ ፈጭተን እንደብቀዋለን።

ሰላጣውን በአቼቶ ማጠብ ማንም ያውቃል። የሚረሳው ማድረቁ ነው። እርጥብ ቅጠል ያንሸራትታል። ደግሞ አንዱን ቅጠል በሌላው ላይ መደረብ ያስፈልጋል። «ካነጋገር ይፈረዳል፣ ካያያዝ ይቀደዳል» የሚለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ እወደዋለሁ። የተረተው ሰው ስለ ጨርቅ ይሁን ስለ ብራና አላውቅም፤ ማክሰኞ ማታ ግን ስለ ሰላጣ ነበር። ጋሼ ቅጠሉን እንደ እንጀራ ቆረስ አድርገው በሦስት ጣታቸው ዶሮውን ሊጠቀልሉት ሞከሩ። ቅጠሉ ለሁለት ተከፈለ። ዶሮው ወደ ሳህኑ፣ ሶሱ ወደ እጅጌያቸው። ኮቱ ደግሞ ለጠዋት ችሎት የተዘጋጀው ኮት ነበር። የአያያዙን ክፍል እኛ ቤት ጨረሱ፤ የአነጋገሩ ለዳኛው ተላለፈ።

ጉርሻም ሞክረዋል። ለልጄ። በሰላጣ የሚጎርስ ልጅ ሸሚዙ በአንገትጌው በኩል ይታጠባል። ይኼን ብቻ ልበል።

ለካስ የጋሼ ቅሬታ እንጀራው ብቻ አልነበረም። ማንኪያውን ካስቀመጡ በኋላ ሳህኑን በዓይናቸው ዞር ዞር አደረጉና፣ «ፈረሰኛው የት ገባ?» አሉ።

«ተከትፏል፣ ጋሼ።»

«እንዴት ይከተፋል?»

አብሮ ነዋ! ከመላላጫው ጋር፣ ከክንፉ ሥጋ ጋር። የተከተፈ ዶሮ ማዕረግ የለውም። የወደድኩትም ለዚህ ነው፤ ፍጥነቱ ሰበብ ነው። ልጅ ሳለሁ በዓል በመጣ ቁጥር ከማለዳ ጀምሮ ሽንኩርት ስልጥ የምውለው እኔ ነበርኩ። ዓይኔ አብጦ፣ ጣቴ ሸትቶ። ዶሮዋን የምገነጥለው፣ በሎሚና በጨው ደጋግሜ የማጥበው እኔ። ድስቱ ሲወጣ ፈረሰኛው ለአባቴ፣ መላላጫው ለአጎቴ፣ ሌላው መላላጫ ለወንድሜ። ወንድሜ እኮ ዶሮዋን ከአጥር ግቢ አባሮ መያዝ እንኳ አልቻለም! ለእኔ አንገት። እሱም ማድ ቤት ቁጭ ብዬ። እናቴ «አንገት እኮ ይጣፍጣል» ትለኝ ነበር። የሚጣፍጥ ከሆነ ለምንድን ነው አንድም ቀን ለእንግዳ ሲቀርብ ያላየሁት?

ይሄ ቀልድ አይደለም። ያናድደኛል። ዶሮ 12 ብልት አላት ተብሎ የተማርነው ሴቶቹ ነን። አንዲት ሙሽራ 12ቱን አስተካክላ ካላወጣች ሙያ የላትም ተብሎ ለዓመት ይወራባታል። ባልየው የ12ቱን ስም መጥራት ይችል እንደሆነ የጠየቀ አማት እስከ ዛሬ አልሰማሁም። አንዱን ብቻ ያውቃል፤ ፈረሰኛውን። ያውም ካጣው ብቻ ነው የሚያነሳው።

ባለቤቴ በዚህ ሁሉ መሃል ስልኩን ያይ ነበር። የትኛው ወገን እንዳለ ሲጠየቅ «ሁለታችሁም ልክ ናችሁ» አለ። ዕቃ ያጠበው እሱ ነው።

በእንጀራው ክርክር ታይላንዶችን ምስክር ልጠራ ብዬ ነበር። ከዚህ ሁሉ አገር እነሱ እንኳ ይደግፉኛል ብዬ። ተውኩት። ኢሳን ላይ ላርብ የሚበላው ከሚጣበቅ ሩዝ ጋር ነው። ሩዙን በእጃቸው ቆንጠር አድርገው፣ ጠፍጠፍ አድርገው፣ በእሱ እያጠቀሱ ይበሉታል። ሰላጣው፣ ጎመኑ፣ ፎሶሊያው ዳር ላይ የሚቀመጥ ማጀቢያ ነው። ታይላንድ ውስጥ ሰው ሲገናኝ «ሩዝ በላህ ወይ?» ተባብሎ ነው የሚጠያየቀው። ያለ ሩዝ የቀረበላቸው እንደሆነ እነሱም ወደ ማድ ቤቱ በር አየት ማድረጋቸው አይቀርም። ይህን ጋሼ እንዳይሰሙ አደራ።

እንጀራውስ? አልነበረም። የምንገዛው ከሰፈር ነው፤ ማክሰኞ ማታ ቡና ሳፈላ መሽቶ ሳይዘጉ አልደረስኩም። ዳቦ አቀረብኩ። ጋሼ «ይሄ ለቁርስ ይሁነኝ» ብለው በሉት።

ዛሬ ፍርድ ቤት ደርሰው ተመለሱ። ቀጠሮው ለሚቀጥለው ወር ተዛውሯል፤ እኛው ጋ ይቆያሉ። ነገ ሐሙስ ነው፤ የሂርማታ ገበያ ቀን። እንጀራውን በጊዜ እገዛለሁ፤ አጋሮ ድረስ የምታማበት ምክንያት የለኝም። የዶሮው አሠራር ግን ያው የማክሰኞው ነው። ፈረሰኛ የሚፈልግ ሰው ካለ ቀደም ብሎ ይንገረኝ፤ ለይቼ እከትፍለታለሁ።